የሩጫ ጫማ ብራንድ ከመቀየራችሁ በፊት፦ ለባሕር ዳር ሯጮች የንጽጽር መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ ጫማ የሚቀይር ሯጭ ብዙውን ጊዜ ወዶ አይቀይርም። የለመደው ሞዴል ከገበያ ይጠፋል። ባለሱቁ "እሱ አልቋል፣ ይሄ ግን ከሱ ይበልጣል" ይለዋል። ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያገኘውን ገዝቶ ይመጣል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባቱን ሲይዘው ወይም ጥፍሩ ሲጠቁር "ሆካ አይስማማኝም"፣ "አሲክስ ድሮ ቀረ" ይላል።

እግር የሚለምደው የተረከዙን ከፍታ፣ ጣት የሚያርፍበትን ቦታና የሶሉን ልስላሴ ነው። እነዚህ ከተጠበቁ ከአንዱ ብራንድ ወደ ሌላው መሻገር ቀላል ነው። ካልተጠበቁ ደግሞ የዚያው ብራንድ አዲስ እትም ሊጎዳችሁ ይችላል። ብሩክስ ጎስት 16 የተረከዝና የፊት ከፍታ ልዩነቱ 12 ሚሊ ሜትር ነበር፣ ጎስት 17 ወደ 10 ወርዷል። ናይክ ፔጋሰስ 41ም 10 ነው። ስለዚህ ከጎስት 17 ወደ ፔጋሰስ የሚሻገር ሰው በዚህ በኩል የሚቀየርበት ነገር የለም፣ ከጎስት 16 ወደ ጎስት 17 የሄደው ግን 2 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ሆካ ክሊፍተን 9 ልዩነቱ 5 ነበር፣ ክሊፍተን 10 ደግሞ 8 ሆኗል። "ክሊፍተን ነው የምለብሰው" ብሎ እትሙን ሳያይ የገዛ ሰው ሌላ ጫማ ገዝቷል ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መመዘኛዎቹን እንያዝ፣ ብራንዶቹ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

በምን እንመዝን?

*ድሮፕ።* ከላይ ያልኩት የከፍታ ልዩነት ይህ ነው፦ የሶሉ ውፍረት ከተረከዝ ሥር ተለክቶ ከፊቱ ውፍረት ሲቀነስ። እኔ ከሁሉ በላይ የማየው ይህን ቁጥር ነው። ተረከዙ ዝቅ ባለ ጫማ ባትና የቋንጃ ጅማት (ባትን ከተረከዝ የሚያያይዘው) ይበልጥ ይሳባሉ፣ ተረከዙ ከፍ ባለ ጫማ ደግሞ ጫናው ወደ ጉልበት ያዘነብላል። ከ12 ወደ 4 የወረደ ሯጭ ባቱ እንጨት ቢሆንበት ጫማው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ጅማቱ ያልለመደውን ሥራ ተሰጥቶታል። አንዲት የፔዳ ተማሪ እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ጫማ ገዝታ የመጀመሪያ ቀኗን ወደ ቤዛዊት ወጣችበት። በማግስቱ ደረጃ መውረድ አቅቷት "ጋሼ፣ ጫማው ፌክ ነው መሰለኝ" አለችኝ። ጫማው ኦርጅናል ነበር። ዳገት ብቻውን ባትን ይስባል፣ ዝቅ ያለ ተረከዝ ሲጨመርበት ጭነቱ በአንድ ጊዜ ይበዛል።

*ርዝመት።* በ"42 ቁጥር" አትግዙ። የጫማውን ምላስ ገልጣችሁ ከውስጥ የተሰፋችውን ትንሽ መለያ አንብቡ። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የአውሮፓ ቁጥሮች ተደርድረው ታገኛላችሁ፣ ከእነሱ ጋር ደግሞ የሳንቲም ልክ አለ፤ አዲዳስ ላይ በሚሊ ሜትር 270 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የምትይዙት ይህንን ነው። በወንድ ልክ 27 ሳንቲም የሆነ ናይክ በአውሮፓ ቁጥር 42.5 ነው። ያው 27 ሳንቲም አዲዳስ ላይ 42 ከ2/3፣ ፑማ ላይ 42 ይሆናል። ስለዚህ ናይክ 42.5 የለመደ ሰው ፑማ 42.5 ቢፈልግ ጫማው ይተልቅበታል፣ ፑማ 42 የለመደ ደግሞ ናይክ 42 ገዝቶ አውራ ጣቱን ያሳምማል።

እግራችሁን ከሰዓት በኋላ ለኩ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ጠዋት የተለካ እግርና አሥር ኪሎ ሜትር የሮጠ እግር እኩል አይደሉም። ተረከዛችሁን ግድግዳ አስጠግታችሁ ወረቀት ላይ ቁሙና የረጅሙን ጣት ጫፍ ምልክት አድርጉ። ሁለቱንም እግር ለክታችሁ ትልቁን ያዙ። ስትሞክሩ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑር።

*ስፋት።* እኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። ልጅነቱን በባዶ እግሩ ወይም በክፍት ጫማ ያሳለፈ ሰው የጣቶቹ መደዳ ብዙ ጊዜ ሰፊ ነው። ጠባብ ጫማ ሲገጥመው ግን መፍትሔ ብሎ የሚወስደው ረጅም ቁጥር ነው፤ ከዚያ ተረከዙ እየተንሸራተተ ይቆስላል። በአሜሪካ የስፋት ምልክት የወንድ መደበኛ "ዲ" ነው፣ ሰፊው "2ኢ"፣ ከዚያም የሚሰፋው "4ኢ"። የሴት መደበኛ "ቢ" ሲሆን ሰፊው "ዲ" ነው። እግሯ ሰፋ ያለ ሴት የወንድ ጫማ ብትሞክር ብዙ ጊዜ ይመቻታል።

*ከመንገዱ ጋር መስማማት።* የባሕር ዳር ሯጭ በአንድ ጠዋት ሦስት ዓይነት መሬት ይረግጣል። በዘንባባው ሥር ያለውና ወደ ጎንደር የሚሻገረው አስፋልት አለ፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትሩን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ጨምሮ። የየሰፈሩ ኮብልስቶን አለ። ከከተማ ወጣ ሲሉ ደግሞ ኮረቱና አፈሩ አለ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አፈሩ ጭቃ ነው፣ ኮብልስቶኑም ርጥብና አዳላጭ። ሶሉ በጣም ወፍራምና ለስላሳ የሆነ ጫማ አስፋልት ላይ ደስ ይላል፣ ጠርዙ ባልተስተካከለ ድንጋይ ላይ ግን ቁርጭምጭሚትን ያወላውላል። የታችኛው ጎማ መላውን ሶል የሚሸፍን ከሆነ ኮረት ላይ ይቆያል፣ ፎሙ (ከጎማው በላይ ያለው ለስላሳው የሶል ክፍል) ተጋልጦ ከተተወ በቶሎ ይፋቃል።

*ፎም።* ኢቫ የሚባለው የተለመደው ፎም ቀላልና ርካሽ ነው፣ በኪሎ ሜትር ብዛት ግን ይታመቃል። በልምድ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ይባላል። ከባድ ሯጭና ኮረት ያሳጥሩታል።

አንድ ነገር ደግሞ ከመመዘኛው ላወጣ እፈልጋለሁ። ባለሱቅ እግራችሁን አይቶ "ጠፍጣፋ ነው፣ ስለዚህ ድጋፍ ያለው ጫማ ያስፈልግሃል" ቢላችሁ በዚያ ብቻ አትወስኑ። የአሜሪካ ጦር ኃይሎች ምልምሎችን በእግራቸው ቅርጽ ከፍለው ጫማ እያደሉ፣ ለሌሎች ደግሞ ለሁሉም አንድ ዓይነት እየሰጡ አነጻጽረው ነበር። በቅርጽ መምረጡ ጉዳትን ይህን ያህል አልቀነሰም። በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲው ቤኖ ኒግ ደግሞ ለረጅም ዓመታት የያዘው ሐሳብ ሯጭ ሲሮጥበት የሚመቸውን እንዲመርጥ ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ፣ ግን ምቾት የሚታወቀው በሱቅ ምንጣፍ ላይ ቆሞ አይደለም። ባለሱቁ ከፈቀደ ከበሩ ውጭ ሃምሳ ሜትር ሮጥ በሉ።

ጫማዎቹ

*ናይክ ፔጋሰስ።* ድሮፑ 10 ነው። ጎማው ጠንካራ፣ ፎሙ መካከለኛ ነው። ለአስፋልትም ለኮብልስቶንም የማይከፋ የዕለት ጫማ ነው። ፊቱ ላይ ጠበብ ይላል፣ ሰፊ እግር ያለው ሰው ሰፊውን ልክ ካላገኘ ባይገዛው ይሻላል። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘውም በብዛት የሚኮረጀውም ስለሆነ ስለ ኮፒ በኋላ የምናገረውን ልብ በሉ።

*ብሩክስ ጎስት።* ከፍ ያለ ተረከዝ ለለመደ ሰው፣ የቋንጃ ጅማቱ ለሚያስቸግረው ሰውና ገና ለሚጀምር ሰው እኔ መጀመሪያ የምጠራው ይህን ነው። ሶሉን በደንብ የሚሸፍን ጎማ አለው፣ በተለያየ ስፋትም ይሠራል። ፍጥነት ለሚፈልግ ቀን ግን ከበድ ይላል። ባሕር ዳር ውስጥ እንደ ናይክ በየሱቁ አታገኙትም፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሰው እጅ ነው።

*አሲክስ።* ጄል ኒምበስና ጄል ኩሙለስ ሁለቱም 8 ድሮፕ ናቸው። ኒምበስ ከ25ኛው እትም ወዲህ በጣም ወፍራምና ለስላሳ ሆኗል፣ ለረጅም የእሑድ ሩጫ በአስፋልት ላይ ምቹ ነው። ለኮብልስቶን ኩሙለስን እመርጣለሁ፣ ዝቅ ያለና የረጋ ነው። ካያኖ እግራቸው ወደ ውስጥ ለሚያጋድል ሰዎች የተሠራ ድጋፍ ያለው ጫማ ነው። ከአሮጌው ካያኖ ጋር ለዓመታት ሳይጎዳ የሮጠ ሰው ከእሱ የሚወጣበት ምክንያት የለውም።

*ሆካ ክሊፍተን።* ወፍራም ሆኖ ቀላል ነው፣ ክሊፍተን 9 በወንድ ልክ 250 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ጉልበት ለሚያማቸውና በአስፋልት ላይ ቀስ ብለው ረጅም ለሚሮጡ ይስማማል። ከሥሩ ብዙ ፎም የተጋለጠ ስለሆነ የጢስ ዓባይን የመሰለ አፈርና ኮረት መንገድ በየቀኑ ከሮጣችሁበት ቶሎ ይበላል። ለዚያ መንገድ የዚያው ብራንድ ስፒድጎት የሚባለው አለ፦ ጥርሱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ ጎማውም ርጥብ ድንጋይ ይይዛል። የዘጌን የቡና ጫካ የእግር መንገድ በክረምት ለሚሮጥ ሰው እንዲህ ያለ ጥርስ ያለው ጫማ እንጂ የአስፋልት ጫማ አይሆነውም።

*ኒው ባላንስ 880።* ዋናው ጥቅሙ ስፋቱ ነው። ከጠባብ እስከ 4ኢ ድረስ ይሠራል። ትንሹ ጣታቸው ሁልጊዜ የሚላጥ ሯጮች ሌላ ከመሞከራቸው በፊት ይህን በ2ኢ ይሞክሩ።

*አዲዳስ።* እዚህ በብዛት የማየው አልትራቡስት ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ቡስት የተባለው ፎም ረጅም ዕድሜ አለው፣ ድሮፑም 10 ነው፣ ግን ጫማው ከባድ ነው፤ ለመልበስ የተመረጠውን ያህል ለመሮጥ አይመረጥም። ለሩጫ ብቻ ከሆነ የአዲዜሮ ቤተሰብ ይሻላል። ከዚህ ቤተሰብ ትግስት አሰፋ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ 2:11:53 ሮጣ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን የሆነውን የሰበረችበት አዲዮስ ፕሮ ኢቮ 1 ይገኝበታል። 138 ግራም የሚመዝን፣ 500 ዶላር የሚሸጥ ጫማ ነበር፣ አምራቹ ራሱ ለአንድ ውድድር ነው የሚለው። ስሙን ሰምታችሁ ለዕለት ልምምድ እንዳትመኙት።

*ሳኮኒ ኪንቫራ።* 4 ድሮፕ፣ 200 ግራም አካባቢ። ለለመደው ፈጣን ነው፣ ለጀማሪ አይደለም።

*አልትራ።* አብዛኞቹ ሞዴሎቹ ድሮፕ የላቸውም፣ ዜሮ ናቸው። የጣት ቦታቸው ከሁሉ ይሰፋል። በባዶ እግር ያደገ እግር ሲገባበት ደስ ይለዋል፣ ባቱ ግን ወራት የሚወስድ ልምምድ ይፈልጋል።

| ጫማ | ድሮፕ (ሚሜ) | ስፋት | አስፋልት | ኮብልስቶን | ጭቃና ኮረት |
|---|---|---|---|---|---|
| ናይክ ፔጋሰስ 41 | 10 | ጠበብ ያለ | ጥሩ | ጥሩ | መካከለኛ |
| ብሩክስ ጎስት 16 / 17 | 12 / 10 | በምርጫ | ጥሩ | ጥሩ | መካከለኛ |
| አሲክስ ኒምበስ 26 | 8 | መደበኛ | በጣም ጥሩ | ይወላውላል | ደካማ |
| አሲክስ ኩሙለስ | 8 | መደበኛ | ጥሩ | ጥሩ | መካከለኛ |
| ሆካ ክሊፍተን 9 / 10 | 5 / 8 | መደበኛ፣ ሰፊም አለ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | ቶሎ ይበላል |
| ሆካ ስፒድጎት | 4–5 | መደበኛ | መካከለኛ | ጥሩ | በጣም ጥሩ |
| ኒው ባላንስ 880 | እንደ እትሙ | እስከ 4ኢ | ጥሩ | ጥሩ | መካከለኛ |
| አዲዳስ አልትራቡስት | 10 | መደበኛ | ጥሩ፣ ከባድ | መካከለኛ | ደካማ |
| ሳኮኒ ኪንቫራ | 4 | መደበኛ | ፈጣን | መካከለኛ | ደካማ |
| አልትራ (አብዛኞቹ) | 0 | በጣም ሰፊ | እንደ ልምዱ | ጥሩ | እንደ ሞዴሉ |

ከድሮፑ ውጪ ያለው የሰንጠረዡ ፍርድ የእኔ ነው፣ መንገዱም የባሕር ዳር መንገድ ነው።

ለማን የቱ?

አሁን ያለው ጫማ ተስማምቶት ገበያ ላይ ያጣው ሰው ፍለጋውን ከድሮፑ ይጀምር። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ የማይርቀውን፣ በሳንቲም እኩል የሆነውን፣ በስፋት የማይጠበውን ይምረጥ። ከፔጋሰስ ወደ ጎስት 17፣ ከኩሙለስ ወደ ክሊፍተን 10፣ ከክሊፍተን 9 ወደ ስፒድጎት መሻገር በድሮፕ በኩል ቀላል ነው።

ጉልበቱን የሚያመው ዝቅ ወዳለ፣ ባቱን ወይም ቋንጃውን የሚያመው ከፍ ወዳለ ድሮፕ ቢያዘነብል ይጠቅመዋል። ሕመሙ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ሐኪም ጋ ይሂድ፣ መፍትሔው በጫማ አይፈለግም።

አንድ ጫማ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው መካከለኛ ውፍረት ያለውንና ሶሉ በጎማ የተሸፈነውን ይያዝ፦ ፔጋሰስ፣ ጎስት፣ ኩሙለስ ወይም 880። የቅርቡን እትም የግድ አይፈልግ። ፔጋሰስ 41ና ጎስት 16 አሜሪካ ውስጥ ሲወጡ 140 ዶላር ነበሩ፣ ተከታዩ እትም ሲወጣ ግን የቀድሞው ዋጋ ይወርዳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያቺ ልዩነት በብር ስትመነዘር ብዙ ናት። ዋጋ ስታነጻጽሩ ለኪሎ ሜትር ሒሳብ ሥሩ፦ 700 ኪሎ ሜትር የሚያስሮጥ ጫማ 300 ኪሎ ሜትር ላይ ከሚያልቀው በእጥፍ ዋጋ ቢሸጥም ይረክሳል።

ሁለት ጫማ መያዝ ለሚችል ሰው ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። በሉክሰምበርግ 264 ሯጮችን ለ22 ሳምንት የተከታተሉ ተመራማሪዎች ከአንድ በላይ ጫማ የሚያፈራርቁት የጉዳት ዕድላቸው በ39 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። እኛ ጋ ደግሞ ክረምት አለ። በሐምሌ የራሰ ጫማ በአንድ ሌሊት አይደርቅም። የውስጥ ሶሉን አውጥታችሁ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ አኑሩት። ከሰል አጠገብ ወይም ፀሐይ ባጋለው ቆርቆሮ ላይ የተሰጣ ጫማ ፎሙ ይኮማተራል፣ ሙጫውም ይለቃል።

ሰልባጅና ኮፒ

ጥሩ ሰልባጅ ከመጥፎ አዲስ ይበልጣል፣ ለማየት ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከኋላ በዓይናችሁ ትይዩ እዩት። ተረከዙ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ተዉት፣ የሌላ ሰው አረጋገጥ ይዟል። በሶሉ ጎን ፎሙ ላይ ያለውን የተጨማደደ መስመር ተመልከቱ፦ ጫማው ምንም ሳይጫነው መስመሩ ጥልቅ ሆኖ ከቀረ ፎሙ ታምቋል። አውራ ጣታችሁን አስገብታችሁ ከተረከዙ ሥር ተጫኑ፣ ተጭኖ የሚቀር ከሆነ ሞቷል። ከዚያ ፊቱን እጠፉት። መታጠፍ ያለበት ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ነው፣ ወገቡ ላይ ከታጠፈ ለሩጫ አይሆንም። የጎማው ጥርስ ደህና መሆኑ ብቻውን አያሳምናችሁ፣ ፎም ከጎማ ቀድሞ ይደክማል።

ለአዲስ ጫማ ደግሞ የምላሱ መለያ ይመስክር። ናይክ ላይ ስድስት ፊደልና ቁጥር፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ሦስት ቁጥር የያዘ መለያ አለ። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት፣ ስልካችሁ ላይ ስትፈልጉትም ያው ሞዴልና ያው ቀለም መምጣት አለበት። ሻጩ "ወንድሜ፣ ኦርጅናል ነው ስልህ" ቢላችሁም መለያውን ከማንበብ አትቆጠቡ። ሁለቱም እግር ላይ አንብቡ፣ ግራና ቀኙ የተለያየ የሆነ ጥንድም ያጋጥማል።

ሽግግሩ

አሮጌውን ጫማ በአዲሱ ቀን አትጣሉ። የድሮፕ ልዩነቱ 2 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ሳምንት አጫጭር ሩጫ ይበቃል። ከ4 በላይ ከሆነ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ስጡት፦ መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን፣ በሜዳማ አስፋልት፣ ሃያ ደቂቃ። ከዚያ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ረዘም ያለ። ቤዛዊትና ፍጥነት ልምምድ መጨረሻ ይመጣሉ። ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ቋንጃ ወይም ተረከዝ ከወጋችሁ በዚያ ሳምንት ወደ አሮጌው ተመለሱ።

ከውጭ በሰው የሚመጣ ከሆነ "ጥሩ የሩጫ ጫማ" ብላችሁ አትላኩ፣ ገዢው ጥፋት የለበትም፣ የሚያውቀው ቀለሙን ነው። የምላሱን መለያ ፎቶ አንሥታችሁ እንዲህ ያለ መልእክት አያይዙበት፦ "እትዬ፣ ብሩክስ ጎስት 17፣ የወንድ፣ 27 ሳንቲም፣ ስፋቱ 2ኢ። ቀለሙ የፈለገው ይሁን። እሱ ከጠፋ ናይክ ፔጋሰስ 41 ሰፊውን፣ ያው 27 ሳንቲም። ሁለቱም ከሌሉ ሌላ አይግዙልኝ፣ እጠብቃለሁ።"